አሥራ አንድ ቀለም የጠጣ በር

ከኮሌጁ የኋላ በር ወጥቶ ሦስት ደቂቃ የተራመደ ሰው የሲስተር ቤት ደጃፍ ላይ ይደርሳል። የሲስተር መከራም የጀመረው ከነዚህ ሦስት ደቂቃዎች ነው። ቤታቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ቢርቅ ኖሮ እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ተረስተው በሰላም ያረጁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አርባ ስምንት ሰዓት በገዛ ፈቃዱ ኅብረተሰቡን እንዲያገለግል ያስገድዳል። ሰዓቱ ቅጽ ላይ ይሞላል፤ የተገለገለው ሰው ይፈርማል፤ የበጎ ፈቃድ ቢሮ ለተገልጋዩ ስልክ ደውሎ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ማኅተም ይመታል። ቅጹ ላይ የአገልግሎት ዓይነቶች በሳጥን በሳጥን ተደርድረዋል፦ ቀለም መቀባት፣ ጽዳት፣ አረጋውያንን መጠየቅ፣ ሕፃናትን ማስጠናት። ከታች ደግሞ «ሌላ» የምትል፣ ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ የማንም እስክሪብቶ ነክቷት የማያውቅ ሳጥን አለች።

ተገልጋዩ ቢቻል አረጋዊ፣ ቢቻል ብቸኛ፣ ከሁሉም በላይ ቅርብ እንዲሆን ይፈለጋል። ሲስተር ሦስቱንም አሟልተው ተገኙ።

መጀመሪያ የመጡት የግንባታ ትምህርት ክፍል ልጆች ነበሩ። ቤቱን ሰማያዊ ቀቡት። ሲስተር ደስ አላቸው፤ መርቀው ፈረሙ። በወሩ የአስተዳደር ክፍል መጣና ሰማያዊ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቢጫ ደረበበት። ከዚያ አረንጓዴ መጣ፣ ከዚያ ቀቢዎቹ ራሳቸው ስሙ ላይ ያልተስማሙበት አንድ ቀለም፣ እያለ እያለ በቅርቡ ሮዝ። የደኅንነት መመሪያው ተማሪ መሰላል ላይ እንዳይወጣ ስለሚከለክል ሁሉም የቀቡት እጃቸው እስከ ደረሰበት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳ ድሮ እንደነበረው አመድማ ሆኖ ቀርቷል። ቤቱን ከሩቅ ላየው ሱሪውን እስከ ደረቱ ስቦ የታጠቀ ሽማግሌ ይመስላል።

ግድግዳው እንኳን ቻለው። ያልቻለው በሩ ነው። በር አጭሩም ረጅሙም የሚደርስበት ነገር ስለሆነ ከሁሉ አብልጦ ጠጣ፤ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ጠርዙ፣ መቃኑ ሳይቀር። ከአራተኛው ቀለም በኋላ በትከሻ መገፋት ፈለገ። ከሰባተኛው በኋላ በእግርም ሆነ። ከዘጠነኛው በኋላ መቃኑ ውስጥ አልገባም አለ። አሁን አሥራ አንድ ቀለም ጠጥቶ፣ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ፣ ቀንም ሌትም አፉን ከፍቶ ይኖራል።

ሲስተር ማታ ማታ ወንበር ያስደግፉታል፤ ወንበሩ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን ያስቀምጣሉ። ነፋስ ሲገፋው ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ ይጮኻል፤ ሲስተር ይነቃሉ፤ ተነሥተው ይመልሱታል፤ ይተኛሉ፤ ደግሞ ይጮኻል። ቀን እንዳይተኙ ደግሞ፣ በር ያልተዘጋበት ቤት ውስጥ ማንም አንኳኩቶ አይገባም። አንድ ከሰዓት በኋላ የሥነ ልቦና ተማሪዎች ዘው ብለው ገብተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ብቸኝነት ይሰማቸው እንደሆነ ጠየቋቸው።

«ዕድሉን አላገኘሁም» አሉ ሲስተር።

ልጆቹ ጻፉት።

አናጺ ጠርተው ነበር። አናጺው በሩን አየና ይኼ የቀለም እንጂ የእንጨት ችግር አይደለም አለ። ቀለም ቀቢ ጠሩ፤ እሱም እኔ መቀባት እንጂ መፋቅ አልለመድኩም ብሎ ሄደ። ልጆቹን እምቢ እንዳይሉ ደግሞ ያሳዝኗቸዋል። ሁሉም የሰው ልጅ ናቸው፤ ሁሉም ቅጹን ይዘው ትኩሳቱ እንዲለካለት እንደሚጠብቅ በሽተኛ ዓይን ዓይናቸውን ያዩአቸዋል። የጽዳት ቡድን ቅዳሜ ይመጣል ሲባል ዓርብ ቤታቸውን ያጸዳሉ። ቆሻሻ ቤት እንዴት ለእንግዳ ይሰጣል?

ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ሲሠሩ አብዛኛውን በማታ ተራ ነው ያሳለፉት። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ቢጠይቋቸው «ልተኛ» ብለው ነበር። ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ካውያ የምትባለው ልጅ ወደዚህ ነገር የገባችው በመተኛት ነው። ካውያ የወጣላት ስም አይደለም፤ የለጠፉባት ነው። የላብራቶሪ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች፤ ከዚያ ወደ ክፍል ትሮጣለች። በቀን መቶ ሃያ ሰው የሚተኛበትን አንሶላ ቆሞ እየተኮሱ ራስ አለመተኛት ምን ማለት እንደሆነ ለጓደኞቿ ልታስረዳ ሞክራ ነበር። እነሱ ግን ካውያ ብለው ጨርሰዋል።

ከአርባ ስምንቱ ሰዓት አርባ አራቱን ይዛለች። የቀራት አራት ነው። የተመራቂዎች ዝርዝር የሚዘጋው በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስሟ ከገባ በወሩ መጨረሻ አንድ ክሊኒክ ይቀጥራታል፤ ያውም ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ። ካውያ ለሰው ሁሉ የምትናገረው ስለ ክሊኒኩ ሳይሆን ስለ ወንበሩ ነው፤ መደገፊያ ያለው፣ የሚዞር። ካልገባ ግን እስከሚቀጥለው ምረቃ ድረስ ዓመት ሙሉ ከካውያው ጋር ናት። አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ለምረቃው ዕለት ፈቃድ ጠይቋል፤ ሸሚዝ ገዝቷል፤ ለተሳፋሪዎቹ በሙሉ ተናግሯል፤ መንገድ ላይ ለወረዱትም ጭምር።

አራቱ ሰዓት የቀራት በገዛ ጥፋቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡድኑ አሥራ አንደኛውን ቀለም ሲቀባ የጓሮው ግድግዳ ለእሷ ተሰጣት። ብሩሽ ነከረች፤ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች አለች፤ ትንሽ ልረፍ ብላ ቁጭ አለች። እርጥቡን ግድግዳ ተደግፋ አራት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ሲስተር ቆሻሻ ሊደፉ ሲወጡ አገኟትና ብርድ ልብስ አምጥተው ደረቡላት። የቡድኑ መሪ ለፎቶ ሊቀሰቅሳት ሲመጣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው መለሱት።

ስትነቃ ጀርባዋ ሮዝ ሆኗል። ቅጿን አቀረበች።

«አራት ሰዓት ሠርታለች ብዬ አልፈርምም» አሉ ሲስተር። «አራት ሰዓት ተኝታለች ካልሽኝ እጽፍልሻለሁ። አየሽ ልጄ፣ ያልሰጠሁትን መድኃኒት ሰጠሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤ በስተርጅና አልጀምርም።»

ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም ብላ አቤት አለች፤ ድምፅዋ ግን የአቤቱታ ጉልበት አልነበረውም።

«የተኛ ሰው አልቀሰቅስም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስቀሰቅስ ኖሬአለሁ። ለኪኒን፣ ለሙቀት መለኪያ። አንዳንዱንማ የእንቅልፍ መድኃኒት እንዲውጥ ቀስቅሼዋለሁ።» ሮዝ የሆነውን ጀርባዋን በቅናት አዩት። «አንቺስ ታድለሽ። ግድግዳ ላይ እንኳን ይወስድሻል።»

ከዚያ ነው ውል የገቡት። ቀለም መቀባቱን ትታ በሩን እንድትፍቅላቸው፤ ከተዘጋ ይፈርማሉ። ካልተዘጋ አይፈርሙም።

ሐሙስ ዕለት ካውያ ለባነር ነገረችው። ባነር የበጎ ፈቃድ ክበቡ መሪ ነው፤ የተጠቀለለ ባነር በብብቱ ሸጉጦ ክፍልም ምግብ ቤትም ስለሚገባ ሌላ ስም አያስፈልገውም። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። መፋቅ አገልግሎት መሆኑን ከልቡ ተጠራጠረ። የአሥራ አንድ ቡድን ልፋት እኮ ነው፤ አንቺ የምትፍቂው ቀለም ሳይሆን የሰው ሰዓት ነው፤ የተሠራን ሥራ ማጥፋት የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል አላት። ካውያ ጣቷን «ሌላ» ላይ አሳረፈች። ባነር ሳጥኗን ጎንበስ ብሎ አያት፤ በሰው ቤት የተቆለፈ ክፍል ያየ ይመስል። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ግን እሱም ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዲሶቹን ልጆች ይዞ እንደሚመጣ ነገራት። አሥራ ሁለተኛው ቀለም ተገዝቷል። ብርቱካናማ ነው።

ቅዳሜ ካውያ ተራዋን ከሌላ ልጅ ጋር ተቀያይራ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰች። ከሆቴሉ የጥገና ሠራተኛ ስፓቱላ፣ ትንሽ መሮና ብርጭቆ ወረቀት ተውሳለች። ሲስተር ጀሪካኑን አወረዱና ሌሊቱን በር ሲይዝ ባደረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ነፋስ ነበር፤ አምስት ጊዜ ተነሥተዋል። እሷም እንዳልተኛች ነገረቻቸው። እንደ ሁለት ተረኛ ተያዩና ወደ ሥራቸው ገቡ።

ቀለሙ መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለ። ከዚያ ስፓቱላው አንድ ስንጥቅ አገኘና ሮዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ወረደ። ከሮዙ ሥር ሌሎች፣ ከነሱ ሥር ያ ስም የሌለው ቀለም መጣ፤ ከሱ ሥር አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ። በየመሐሉ የተያዘ ነገር አለ፤ የብሩሽ ፀጉር፣ አንዲት ትንኝ፣ አንድ ቦታ ላይ የሰው አውራ ጣት አሻራ። ሲስተር ከወንበራቸው ሆነው እያንዳንዱን ሽፋን በባለቤቶቹ ይጠሩታል። ይኼ የነዚያ ጎበዞች ነው፤ ቀብተው ሲጨርሱ ራሴን አሞኛል ያለች ልጅ ነበረቻቸው፣ እኔው ተኛሁላት ማለቴ አስተኛኋት። ይኼ ደግሞ ዝናብ እየዘነበ የቀቡት ነው፤ ተው ብላቸው ቀጠሯችን ዛሬ ነው አሉኝ። ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። ዓረፍተ ነገር ይጀምሩና መሐሉ ላይ ይተዉታል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የካውያ ክንድ አንሶላ ሲተኩስ አሞት በማያውቀው ቦታ ላይ ያመው ጀመር። አራት ሰዓት ላይ ሁለት ጥፍሯ ተነቅሏል። የመቃኑን ግራ ጨረሰች፣ ቀኙን ጨረሰች፣ የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። ከታች ወለሉ ላይ የአሥራ አንድ ትምህርት ክፍል ቅርፊት ተከምሯል። ከቀለሙ ሥር ብቅ ያለው እንጨት ቡናማና ደረቅ ነው፤ ሲነኩት ለብ ይላል።

አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ በሩን ገፋችው። ያለ ትከሻ፣ ያለ እግር ሄዶ መቃኑ ውስጥ ቁጭ አለ።

ካውያ ክፍተቱ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው።

ካውያ ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። ዝርዝሩ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ጠዋት ነግራቸዋለች፤ አሁንም ደገመችላቸው። ሲስተር መነጽራቸውን ሲፈልጉ ቆዩና መነጽሩ ግንባራቸው ላይ መሆኑን አወቁ። እስክሪብቶም ያዙ። ከዚያ ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ልማዳቸው መጣባቸው፤ ሳያዩ መፈረም የለም።

«አንዴ ከውስጥ ልሞክረው» አሉ። «መቀርቀሪያው ከገባ እፈርምልሻለሁ። አንድ ደቂቃ።»

ካውያ ወደ ውጭ ወጣች። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማች፤ ለወራት ያልተንቀሳቀሰ ብረት የሚያሰማው አጭር ድምፅ። ከዚያ አልጋ ሲንቋቋ ሰማች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማንኮራፋት መጣ።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ሰዓቷን አየችና ፈገግታው ቀረ።

ቅጹና እስክሪብቶው ውስጥ ናቸው ብላ አሰበች፤ ከዚያ ቅጹ በራሷ እጅ መሆኑን አየች። ውስጥ ያለው እስክሪብቶው ብቻ ነው። እጇን አነሣች። ጣቶቿን ሰበሰበች። እንጨቱን ልትነካ አንድ ስንዝር ሲቀር ማንኮራፋቱ ቆመና ሲስተር በእንቅልፍ ልባቸው ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ የመጣ ሰው መሬት ሲያስቀምጠው እንደሚያወጣው ያለ። እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሁለት ደቂቃ ጠብቃ ደግሞ አነሣችው፤ ደግሞ አወረደችው። ደግነት ነው ለማለት ያስቸግራል። አንሶላ የሚተኩስ ሰው የተነጠፈ አልጋ ላይ መቀመጥ እንደማይሆንለት ያለ ነገር ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ባነር ከዘጠኝ አዳዲስ ልጆች፣ ከአንድ ቆርቆሮ ብርቱካናማ ቀለምና ከጥቅሉ ጋር ደረሰ። ልጆቹ ደግሞ ያን ሳምንት ፈተና ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው እሳት የበላው ጨርቅ መስሏል። ካውያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሲስተር መተኛታቸውን በሹክሹክታ ነገረችው።

ባነር በሩን አየ። ተዘግቶ አይቶት አያውቅም፤ ግራ ገባው። በዚህ ሰዓት የሚተኛ ሰው ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ለደኅንነታቸው ስንል እናንኳኳ አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ካውያ ጆሮውን በሩ ላይ እንዲያደርግ ነገረችው። አደረገ። ዘጠኙም ተራ በተራ አደረጉ። ማንኮራፋቱ እንደ አሮጌ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ይነሣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በቃ ጠፋ ሲሉት ደግሞ ይነሣል። አንዷ ልጅ ጆሮዋን ሳታነሣ ብዙ ቆየች። ጓደኛዋ ነካ ስታደርጋት ከበሩ ጋር ተደግፋ ልትተኛ ምንም አልቀራትም።

ባነር ያኔ ቅጹን አየው።

«አልፈረሙልሽም?»

«ሊፈርሙ ነበር።»

«ካውያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ነው የቀረሽ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እና አንኳኪያ።»

ባነር ጉንጩን አከከ፤ ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕገ ወጥ ነገር እንደሚናገር ሰው ጆሮው ቀልቶ፣ የሲስተርን ፊርማ አሥራ አንድ ጊዜ ስላየው እሱው ሊፈርምላት እንደሚችል ነገራት። ካውያ ፊርማውን አሰበችው። ክብ ነገር አለው፤ ከሥሩ ሰዓቱና ደቂቃው ይጻፋል፤ ለማስመሰል የሚከብድ አይደለም። ወንበሩንም አሰበችው፤ የሚዞረውን። አልዋሽም፣ ቅጹን እስከ ማቀበል ደርሳ ነበር።

«ማኅተም ከመምታታቸው በፊት ይደውላሉ» አለች ቅጹን ሳትለቅ።

«ይደውላሉ።»

«ሲስተር ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር ነው የሚያደርጉት።»

ባነር ይኼን ሲሰማ እጁን ከቅጹ ላይ አነሣ። ከዚያ ማንም ሳይልከው፣ ቢሮው ጊዜ እንዲጨምር ሊለምን ወደ ኮሌጁ ሮጠ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ እያለከለከ ተመለሰ። የቢሮው ሴትዮ አልጮኸችበትም፤ እሷም ደክሟት ነበር። ያልተፈረመ ቅጽ ባዶ ወረቀት ነው፣ ከፈለጋችሁ ለሲስተር ልደውልላቸው ብላዋለች። ስልኩን ማንሣት ስትጀምር እጇን ይዞ ለምኖ እንዳስመለሳት ነገራቸው። ለበጎ ፈቃድ ሥራ እንዲህ ሮጦ እንደማያውቅም ጨመረበት።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው በተርታ ተቀመጡ። ቀለሙ ሳይከፈት መሐላቸው ቆመ። አንዱ አንገቱ ወደ ጎን ወደቀ፤ ቀጥሎ የሌላው። ኮሌጁ በስድስት ሰዓት ደወል እንደሚደውል ያስታወሰችው ያቺ በሩን ተደግፋ የነበረችው ልጅ ናት። «ወይኔ ደወሉ» አለች። ሁሉም ነቁ። ሦስት ደቂቃ የሚርቅ ደወል ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ የሚያናጋ። ሊያስቆሙት አይችሉም። አሥራ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

ደወሉ ተደወለ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት። የመጨረሻው ድምፅ ከአየሩ ላይ እስኪጠፋ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከበሩ ጀርባ ምንም የለም። ከዚያ ማቀዝቀዣው ተንቀጥቅጦ ተነሣ። አሥሩ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ፤ ባነር ደግሞ እጁን ሽቅብ ዘረጋ፤ ጎል ያገባ ይመስል። አብራቸው ለመሳቅ የሞከረችው ካውያ ዝርዝሩ እንደተዘጋ ያስታወሰችው ከሳቁ መሐል ነው። ሌሎቹም ፊቷን አይተው አስታወሱ። ሳቁ እንደመጣው ሁሉ በዝምታ ሄደ።

ልጆቹ ቀለማቸውን አንሥተው በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ወጡ። የእነሱ ሰዓት ገና ነው፤ ሌላ ቅዳሜ አላቸው። ባነር መጨረሻ ቀረ። ጥቅሉን ዘረጋና ደጃፉ ላይ አነጠፈላት። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል አለ። «በጎነት ከእኔ ይጀምራል» ይላል ጽሑፉ። ካውያ «ይጀምራል» ላይ ተቀመጠች።

አባቷ ደወለ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው ያገኘችው። አውቶቡስ ተራ ላይ ነው ያለው፤ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል። እሷ በሹክሹክታ ስትመልስለት ምን ሆነሽ ነው አለ። አጠገቤ ሰው ተኝቷል አለችው። ያ መኪና ሙሉ ሰው ከጥግ እስከ ጥግ የሚሰማው ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስምሽ ገባ?» አለ በሹክሹክታ።

«አልገባም አባዬ።»

ረዳት ሲጣራ ተሰማ። ሞተር ተነሣ።

«ሸሚዙ ምን ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «እንደታጠፈ ይቆያል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታስታውስም፤ ምክንያቱም ተኝታለች።

በሩ ሲከፈት መደገፊያ አጥታ ወደ ውስጥ ተንጋለለች። ቀና ብላ ስታይ ሲስተር ከላይዋ ቆመዋል። ጉንጫቸው ላይ የትራስ እጥፋት ታትሟል፤ ፀጉራቸው በአንድ ጎን ተኝቷል። ፊታቸው አሥር ዓመት ወርዶለታል፤ ገና ግን ነገሩን አልተረዱም።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከአርባ።»

ሲስተር ወደ ሰማይ አዩ፤ ወደ እጃቸው አዩ። እስክሪብቶው አሁንም ጣታቸው መሐል ነበር፤ ይዘውት ነው የተኙት። ያኔ ገባቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ዘጠኝ ከአርባ ማለት ስድስት ሰዓት ካለፈ ስንት እንደሆነ ሲያሰሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ምነው ልጄ፣ ምነው አታንኳኪም ነበር?»

ካውያ መልሱን ፈለገችው። በእንቅልፍ የደነዘዘ አእምሮዋ ያገኘላት ይኼን ብቻ ነው።

«ዘግተውት ነበራ።»

ሲስተር አጠገቧ ቁጭ አሉ፤ «በጎነት» ላይ። ለቅሶም ይቅርታም አላበዙም፤ በሆስፒታል ዘመናቸው ያመለጠ ነገር በልቅሶ እንደማይመለስ አይተዋል። ቅጹን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «ሌላ» የምትለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረጉ። ማብራሪያ በሚለው ቦታ ቀስ ብለው፣ እንደ በሽተኛ መዝገብ፣ ፊደል ሳያጣብቁ ጻፉ፦ ሥራው የተጀመረበት አንድ ሰዓት ከአሥር። ያለቀበት አምስት ከአሥር። በሩ ይዘጋል። መቀርቀሪያው ይገባል። አራት ሰዓት ከሃያ ተኝቻለሁ። ፈረሙ። ከዚያ ቅጹን ለእሷ መመለስ ሲገባቸው አጥፈው የራሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«እሱን ለኔ ተዪው» አሉ። «ሥራ የምትገቢው መቼ ነው?»

ነገ ጎህ ሳይቀድ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ተነሺ፣ ግቢ። አልጋው ገና ሙቅ ነው።»

አይሆንም ልትል ነበር። ግን ቃሉ ረጅም መሰላት። ገባች። አንሶላው አራቱም ማዕዘኑ ተጨማዷል፤ እንደዚህ ያለ አንሶላ ሆቴሉ ውስጥ ቢገኝ ጉድ ይፈላ ነበር። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታወልቅ ተጋደመች። ሲስተር ብርድ ልብሱን ደረቡላት፤ ወንበራቸውን ይዘው ወጡ፤ በሩን ከውጭ ሳቡት። ጨለማው ልክ ሆኖ ገጠመ።

ዓይኗ ሊከደን ሲል ከውጭ የብዙ ሰው እግር ሰማች። የቆርቆሮ ኳኳታም አለው። የሌላ ኮሌጅ ልጆች መሆናቸው የገባት ከትሕትናቸው ነው። አንዱ፣ እዚህ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ይኖራሉ ተብለን ነበር፣ ለበጎ ሥራ ነው የመጣነው፣ ቀለምም ይዘናል አለ።

«የለችም» አሉ ሲስተር።

መቼ ብንመጣ እናገኛቸዋለን ተባለ።

«እንጃ። እሷን ማግኘት ቀላል አይደለም። በሩን እንዳትነካው ልጄ፣ እርጥብ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ቢመጡስ ሲል ሌላው ጠየቀ። ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ ትንሽ ጮኸ፤ ሲስተር እግራቸውን እየዘረጉ መሆን አለበት።

«ሰኞስ ጭራሽ የለችም» አሉ። «ሰኞ ጠዋት ኮሌጅ ቢሮ ሄዳ የምትቀሰቅሰው ሰው አላት።»